ኩላሊቴና የሚስ ሊን ሥር

ሰው ሁሉ አሰፋሽ ቁጡ ናት ይላል። ቁጡ አይደለሁም፤ የሚያስቆጣኝ ሰው ይበዛል እንጂ። ለምሳሌ ኤልሳቤጥ። ኤልሳቤጥ የታናሽ ወንድሜ የሀብታሙ ሚስት ናት። በትዳር በኖሩበት ሃያ ሁለት ዓመት ከ«እሺ እትዬ» ሌላ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ቅመሚ ስላት እሺ፣ ተይ ስላት እሺ። ሁሌ እሺ የሚል ሰው ደሜን ያፈላዋል። ሆዷ ውስጥ ያለውን በምን አውቃለሁ?

ጁላይ መጨረሻ ላይ ለሀብታሙ አንድ ኩላሊቴን ሰጠሁት። የሱ ሁለቱም ሥራ አቁመው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ደም የሚያጥብ ማሽን ላይ እየተኛ ነበር የከረመው። ኮንየርስ ከተማ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን ዕቃ ማንሻ ሲነዳ ሳቁ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ሰው፣ የቤቱን ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ የሚያርፍ ሆነ። ተመረመርን፤ የኔ ኩላሊት ለሱ ተስማማ። ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ ዶክተሩ ግን «ኩላሊትሽ የሠላሳ ዓመት ሴት ኩላሊት ነው የሚመስለው» አለኝ። ይሄን ያልነገርኩት ሰው አትላንታ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ኩላሊቴ ገና እሱ ሆድ ውስጥ ከመግባቷ ሥራ ጀመረች። ነርሷ መጥታ ስትነግረኝ ስፌቴን ረስቼ እልል አልኩ፤ ሕመሙ ዓይኔን አጨለመው፣ ግን አልተጸጸትኩም።

ከዚያ ወዲህ በቀን ሁለት ጊዜ እደውልለታለሁ።

«ኩላሊቴ እንዴት አደረች?»

«ደህና አደረች እትዬ።»

«ውሃ አጠጣሃት?»

«አጠጣኋት።»

ቤቱ ስሄድ ሶፋ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ካገኘሁት «ተነስ፣ ኩላሊቴን ልትጨፈልቃት ነው እንዴ!» እለዋለሁ። ጨው ሲያነሳ እጁን እመታዋለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ሀብታሙም ይስቅ ነበር፤ ማለት ይስቅ ይመስለኝ ነበር።

የምሠራው ስማይርና ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሥራ ስመለስ ላይት ዲዩቲ ሰጡኝ፤ ሰው ማንሳት የለ፣ ማዞር የለ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ማብላት ብቻ። እንዲህ ሆኜ ነው ከሚስ ሊን ጋር የተወዳጀሁት። ሚስ ሊን ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ቻይናዊት ናት፤ ጆሮዋ ስለደከመ እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። እኔ ዝም ብዬ ሰው የምሰማበት ብቸኛ ቦታ የሷ ክፍል ነው።

አንድ ቀን ስለ እናቷ አጫወተችኝ። እናቷ ብርድ ከመግባቱ በፊት ኋንግ ቺ የሚባል ሥር ከዶሮ ጋር ቀቅላ ልጆቿን ታጠጣ ነበር አሉ። ሥሩ የሰውነትን አጥር ያጠብቃል፤ በሽታ ተንጠላጥሎ እንዳይገባ። ስድስት ልጆች፣ አንድም ሲያስነጥስ የሚከርም አልነበረም። «ለጤነኛ ሰው ነው ታዲያ» አለችኝ ጣቷን ቀስራ።

እኔ ወዲያው ሀብታሙ ትዝ አለኝ። ሐኪሞቹ ጉንፋን የያዘው ሰው እንዳይጠጋው፣ ሰው የሚበዛበት ቦታ እንዳይሄድ፣ ማስክ እንዳያወልቅ ብለውታል። ለምን እንደሆነ ያስረዱን ቀን እኔ ገና ከማደንዘዣው በቅጡ አልነቃሁም ነበር። አጥር ነው የቸገረው፣ በቃ! ጤነኛ ደግሞ ከሱ በላይ ማን አለ? የኔን ኩላሊት ተሸክሞ ጤነኛ ያልሆነ ማን ሊሆን ነው! ለከተማው ሁሉ ያወራሁትን የኩላሊቴን ነገር፣ መንገር ለነበረብኝ ለሚስ ሊን ብቻ ሳልነግራት ቀረሁ። ስሙን በቻይንኛ በወረቀት አጻፍኳትና ወጣሁ።

ቢዩፎርድ ሀይዌይ ላይ ካሉት የቻይና መድኃኒት ሱቆች አንዱ ገብቼ ወረቀቱን አሳየሁ። ሽማግሌው መሳቢያ ስቦ ቢጫ፣ ቀጭን፣ ረዘም ያለ ነገር አወጣ፤ ሐኪም አፍ ሲያይ ምላስ የሚጫንበትን እንጨት ይመስላል። አንዱን ቀመስኩት። እንደ ጥሬ አተር ጣፈጠኝ፤ መራራ ያልሆነ መድኃኒት ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኝ ነው የኖርኩት። አንድ ትልቅ ከረጢት ይዤ ወጣሁ።

ከዚያማ ማን ይቻለኝ! ሙሉ ዶሮ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ ሥር፤ ሁለት ሰዓት በዝግታ ይቀቀላል። ኮረሪማ ጣል አደረግኩበት፤ ቻይኖቹ አይጨምሩም፣ ግን እኔ ቻይና አይደለሁም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ከሥራ በፊት ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ፣ በቀበቶ አስሬ፣ የ285ን አውራ ጎዳና ዞሬ 20 ላይ ወጥቼ ኮንየርስ አደርሳለሁ። ኤልሳቤጥ በር ላይ ትቀበለኛለች።

«ትኩሱን ይጠጣ!»

«እሺ እትዬ።»

«ሥሩ የወጥ ቤት ቅመም አይደለም፣ ከቻይና የመጣ መድኃኒት ነው። አንድ ጠብታ እንዳይቀር!»

«እሺ እትዬ።»

ሀብታሙ ከሰዓት ይደውላል። «ሾርባው ደረሰ እትዬ፣ ተባረኪ» ይላል። ደረሰ ነው የሚለው። ጠጣሁት ብሎ እንደማያውቅ ልብ ያልኩት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ሰባት ሳምንት እንዲህ ሄድን። ስምንተኛው ሳምንት ላይ፣ ሐሙስ፣ ሀብታሙ ሲደውል ድምፁ ቀዝቅዟል። የደም ምርመራው ቁጥር፣ ኩላሊት መሥራት አለመሥራቷን የሚያሳየው፣ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ሰኞ ይደገማል።  «ብርድ ነው!» አልኩት። «ጠብቀኝ!» ዓርብ ጠዋት አንድ እፍኝ የነበረውን ሥር ሦስት እፍኝ አደረግኩት። ቁጥሩ ከፍ ሲል እኔም ሥሩን ከፍ። እንዲህ ነው የኔ ነገር።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ልጄ ቢታንያ መጣች። ቢታንያ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት ናት። በሦስት ዓመቷ ነው እዚህ የመጣችው፤ ሲደላት በአማርኛ፣ ስትናደድ በእንግሊዝኛ ታወራኛለች። ሻይ ላፈላላት ስል ከረጢቱን ከጠረጴዛ ላይ አነሳችው። አገላበጠችው። ስልኳን አወጣች።

«ማሚ፣ ይሄ አስትራጋለስ ነው። አንቺ ነሽ የምትጠጪው?»

«እኔ ምን ሆኜ! ለአጎትሽ ነው እንጂ።»

«ኖ። ኖ ኖ ኖ። ማሚ፣ ፕሊስ ቀልድ ነው በዪኝ። ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰባት ሳምንት አለፈው። ምን ያስጮህሻል?»

ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ እጄን ያዘችኝ። እጄን ስትይዘኝ ነው የፈራሁት። «ሊስን። የአንኮል ሀብታሙ ሰውነት ኩላሊትሽን አያውቃትም። ለሱ እንግዳ ናት። በሽታ የሚከላከለው ኢሚውን ሲስተሙ ካገኛት ያጠቃታል። ለዚያ ነው መድኃኒት የሚሰጡት፣ ኢሚውን ሲስተሙን ዳውን ለማድረግ። ይሄ ሥር ደግሞ የሚወሰደው አፕ ለማድረግ ነው። ሪጀክሽን ሊያመጣ ይችላል፣ ሰውነቱ አልቀበልም ሊላት ይችላል ማሚ።»

ገባኝ። እንዲህ በአንዴ የገባኝ ነገር የለም። እንግዳ ገብታለችና ዘበኛውን አስተኙት ብለው ነው ለካ መድኃኒት የሚያጎርሱት። እኔ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ዘበኛውን ልቀሰቅስ 285ን ስዞር ከርሜያለሁ። ትናንትማ ዱላም አስይዤዋለሁ።

«ቁጥሩ ከፍ ብሏል» አልኳት።  ቢታንያ ቁልፏን አነሳች።

ለሀብታሙ ደወልን፤ አያነሳም። ለኤልሳቤጥ ደወልን፤ አታነሳም። መንገድ ላይ ቢታንያ የሆስፒታሉን ነርስ በስልክ አገኘቻትና በእንግሊዝኛ ተቻኩለው አወሩ። እኔ መስኮቱን ይዤ አለቅሳለሁ። ወንድሜን በእጄ ገደልኩት አልኩ። እናታችን ስትሞት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፤ እኔ ነኝ አጥቤ፣ አብልቼ፣ ተቆጥቼ ያሳደግኩት። እንዴት ሰው የሰጠውን መልሶ ያበላሻል? «ጌታ ሆይ» አልኩ፣ «ሁለተኛዋን እንዳልሰጠው እኔም ያለሷ አልኖርም። ይቺን ጠብቅልኝ። ቁጣዬን እተዋለሁ።» ቢታንያ በእንባዋ መሃል ዞር ብላ አየችኝ። «በጣም እቀንሳለሁ» ብዬ አስተካከልኩ።

የሀብታሙ ቤት ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ በመኪና ተሞልቷል።  ይሄ ሁሉ ሰው ለምን መጣ? ከመኪናው ወርጄ ሮጥኩ፤ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ስሮጥ የመጀመሪያዬ ነው።

የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የቤተ ክርስቲያናችን ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረው ከአሥር በላይ ሰው ቁጭ ብሏል። ለካ ሰው በቤት ውስጥ እንዳይሰበሰብበት ስለተከለከለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሱ የሚጸልዩት ጋራዥ ውስጥ ነው። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስለምገባ አይቼው አላውቅም፤ ዛሬ ግን ዕረፍቴ ነበር። መዝሙር እየዘመሩ ነው፤ ስልክ ማንም የማያነሳው ለዚህ ነው። ሀብታሙ ወደ ቤት በሚያስገባው በር ላይ፣ ራቅ ብሎ፣ ማስኩን አድርጎ፣ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ታቅፎ ተቀምጧል። አለ፣ ደህና ነው፣ ይዘምራል! 

ያኔ ነው ያየሁት። ሁሉም ኩባያ ይዘዋል። ሽታው ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ፍሪዘሩ ላይ ትልቅ ድስት ተቀምጧል፤ ከድስቱ ጠርዝ ላይ ያ ቢጫ ሥር ብቅ ብሏል። ኤልሳቤጥ ጭልፋ ይዛ ለጋሽ ንዋይ እየጨመረችላቸው ነው። አየችኝ። ጭልፋው አየር ላይ ቀረ።

መዝሙሩ አንድ በአንድ ቆመ።

«ይሄ የኔ ሾርባ ነው?» አልኩ።

 ጋሽ ንዋይ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ኩባያቸውን ከፍ አደረጉ። «ያንቺ ነው እንዴ አሰፋሽ? እጅሽ ይባረክ ልጄ! ይቺ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እያሞቀች የምታጠጣን ያንቺን ነው? እኔ እኮ ከዚህ ስመለስ ሣሩን ሁለት ዙር ነው የማጭደው!»

እሳቸውን አልሰማኋቸውም። ወደ ኤልሳቤጥ ሄድኩ። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ፤ ቁጣዬን የሚያውቅ ሁሉ ኩባያውን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

«ሀብታሙ ከዚህ ሾርባ ምን ያህል ጠጣ? እውነቱን ንገሪኝ። በጌታ ስም፣ እውነቱን!»

ኤልሳቤጥ መሬት መሬት አየች። 

«አልቀመሰም እትዬ።»

«መቼ መቼ?»

«አንድም ቀን። አንድም ጠብታ አልሰጠሁትም። ይቅር ይበሉኝ።»

እልልታው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከሆዴ ነው፤ ኩላሊቴ ከነበረችበት ባዶ ቦታ። ጋራዡ ተናወጠ። ሰዎቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «ሃሌ ሉያ!» ብለው ተነሱ፤ አንዷ ከበሮውን አነሳችው። ኤልሳቤጥ ያበድኩ መስሏት ጭልፋዋን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። ያዝኳት። አንገቷን አንቄ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ጭልፋ የያዘ እጇን ሳምኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስሜያት አላውቅም።

ቢታንያ ደርሳ ነገሩን ለሁሉም አስረዳች። ከዚያ አላረፈችም፤ ወንበር በወንበር እየዞረች ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ትጠይቃቸው ጀመር። የጋሽ ንዋይን ኩባያ ቀማቻቸው፤ «ዶክተርዎን ሳይጠይቁ አይሆንም» አለቻቸው። «ሣሩንስ ማን ሊያጭድልኝ ነው?» ብለው አኮረፉ።

እኔ ኤልሳቤጥን ይዤ ፍሪዘሩ አጠገብ ቆምኩ።

«በምን አወቅሽ?»

«ከሆስፒታል ስንወጣ የሰጡን ወረቀት ላይ አለ። ሐኪም ያላወቀው ሥርም ቅጠልም እንዳይወስድ ይላል።»

«ታዲያ እኔን አትነግሪኝም? በር ላይ በሳምንት ሦስት ቀን ስመላለስ አፍሽን ምን ያዘው?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ በቀጥታ ዓይኔን አይታኝ አታውቅም።

«እትዬ፣ ኩላሊት ከሰጠች ሴት ሾርባ እንዴት ይመለሳል? ስልክ አንስቼ ስንት ጊዜ ተውኩት። ለባሌ ዕድሜ ሰጡት። እኔ ለእርስዎ ምን አለኝ? እሺ ከማለት ሌላ ምን አለኝ? እንዳልደፋው ደግሞ የእርስዎ ድካም ነው፤ ነውር ነው። ሊጠይቁት የሚመጡትን ባዶ አፋቸውን ከምሸኝ ብዬ...» ቃሉ አለቀባትና አለቀሰች።

  ኩላሊቴን ሰጥቼ አልጨረስኩም ነበር ለካ፤ በቀን ሁለት ጊዜ እየደወልኩ መልሼ ስይዛት ነው የከረምኩት። ይሄ ቤት እኔን አይሆንም ማለት የማይችል ቤት ሆኗል። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው፤ አንገቴ ድረስ ነው የሞቀኝ።

ሀብታሙ ከበሩ ላይ ሆኖ ጠራኝ። «እትዬ! ቁጥሩ ከፍ ያለው በኔ ጥፋት ሳይሆን አይቀርም። ውሃ አልጠጣሁም። ነርሷ ተቆጣችኝ፣ አሁን እየጠጣሁ ነው።» ጠርሙሱን አሳየኝ።

«በቀን ሁለቴ አጠጣኋት ስትለኝ አልነበር?»

«ስትጠይቂኝማ ምን ልበልሽ!»

ሳቄ መጣ። ሳቄና እንባዬ ተቀላቀለ። ሄጄ ያንን ዋሾ ራሱን ልስመው እጄን ዘርግቼ ደረጃውን ስወጣ፣ ኤልሳቤጥ ከኋላዬ ጮኸች።

«አይሆንም እትዬ! ማስክ ሳያደርጉ አይሆንም!»

 እሷ ራሷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄ የሰማሁት የመጀመሪያው አይሆንም ነው፤ እንዴት አንጀቴን እንዳራሰው! ዞርኩና «እሺ ኤልሲዬ» አልኳት። ጋሽ ንዋይ ያኔ ነው እውነተኛው ተአምር የታየው ብለው እስካሁን ያወራሉ።

ሰኞ ሚስ ሊን ክፍል ሆኜ አጃዋን እያበላኋት ነበር። ነገሩን ሁሉ ጆሮዋ ድረስ ተጠግቼ፣ በመጮህ ነገርኳት። «ለጤነኛ ሰው ነው አላልኩሽም?» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ ስልኬን አብረን ጠበቅን።  ሥሩን ባይቀምስም፣ ውሃ ነው ቢሉም፣ ሰው እስኪያይ አያምንም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ጠራ። ሀብታሙ ነው። ሳቁ ቀድሞ መጣ፤ ያ ከፎርክሊፍት ሞተር በላይ የሚሰማው፣ ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ።

«ወርዷል እትዬ! ወርዷል! ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመልሷል። ኩላሊትሽ ደህና ናት።»

ወንበሩ ላይ ተደገፍኩ። ሚስ ሊን ከፊቴ አንብባ ማጨብጨብ ጀምራለች።

«የማን ኩላሊት?» አልኩት።

«ያንቺ እንጂ የማን ይሆናል?»

«የኔማ እዚሁ ከኔ ጋር ናት» አልኩት። «ያቺ ያንተ ናት። ደህና አድርገህ ያዛት።»

ወዲያ ማዶ ሳቁ ቆመ። ወንድሜ ሲያለቅስ ሰማሁት። ዝም ብዬ ሰማሁት፤ ውሃ ጠጣህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።